ውሻህ ሲጠራ ይመለሳልን?

አንባቢ ሆይ፤ በመምህርነት ወይም በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ተመድበህ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘህ አሶሳ የደረስህ እንደ ሆነ፣ ከማንጎው ጥላና ከቀርከሃው ብዛት ቀጥሎ ልብ የምትለው የአገሩን ውሻ ነው። ጠጕሩ አጭር፣ ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ መለል ያለ ነው። ቀን ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ከማሽላው ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ ያለ እንደ ሆነ እንደ ወስፈንጥር ይስፈነጠራል። ይህን ያየ ወጣት ሠራተኛ ልቡ ይነሣሣና አንድ ቡችላ ለምኖ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ከዚያም፣ «አዳኝ ላደርገው እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ብሎ ይጠይቃል።

መልሱ አጭር ነው፤ ከመመለስ ጀምር።

መሮጥን ለውሻ ማንም አላስተማረውም፤ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣ ነው። የሚሸሽ ነገር ሲያይ ያሳድዳል። ሰው የሚጨምርለት ትምህርት ሩጫውን ገትቶ ወደ ጌታው መመለስን ነው። ይህን ያልተማረ ውሻ ዛሬ ሚዳቋ ቢያሳድድ ነገ የጎረቤትን ፍየል ያሳድዳል፤ ከነገ ወዲያም ጌታውን ሽማግሌ ፊት አቁሞ ካሣ ያስከፍላል።

ይህ እውነት በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር «ለርቸር» የሚባል የአደን ውሻ አለ። የተገኘውም ግሬይሃውንድ የተባለውን፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጠውን ውሻ፣ በግ ከሚያግድ ውሻ ጋር በማዳቀል ነው። ይህ የተደረገው ፍጥነት ለመጨመር አይደለም፤ ከፈጣኑ እግር ጋር የሚሰማ ጆሮ ለማግኘት ነው እንጂ። በዚያ አገር ጥንቸልን በውሻ ማሳደድ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሕግ ተከልክሏል፤ የለርቸር ጥሩ ስም ግን ዛሬም ከፍጥነቱ ጋር በታዛዥነቱ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚኖሩት ጉሙዞች፣ በርታዎች፣ ማኦዎችና ኮሞዎች አደንን ያወቁት ከዛሬዎቹ ከተሞች መቆርቆር አስቀድሞ ነው። በቆየው ልማድ ክረምቱ አልፎ ረጅሙ ሣር ሲደርቅና ሲቃጠል የአደን ወራት ይሆን ነበር። ምክንያትም ነበረው፤ በቆላው የወንዝ ዳር ከብት በገንዲ ስለሚያልቅ፣ ሥጋ ከበረት ይልቅ ከዱር ይፈለግ ነበርና።

ከእነዚህም መካከል በርታዎች በብዛት ሙስሊሞች ናቸው። ቁርኣን በአምስተኛው ምዕራፍ፣ በአል ማኢዳህ፣ የተማረ የአደን እንስሳ የያዘውን መብላት ይፈቅዳል፤ የአላህም ስም እንዲጠራ ያዛል። ታዲያ «የተማረ» ውሻ የትኛው ነው? ብዙዎቹ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት የሰጡት መልስ ሦስት ነጥብ አለው፤ ሲልኩት የሚሄድ፣ ሲከለክሉት የሚቆም፣ የያዘውንም ለራሱ የማይበላ ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ስለ ፍጥነት እንደማይናገር አስተውል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ቡችላውን ከእናቱ የምትለየው ሁለት ወር ሲሞላው ይሁን። ከዚያ በፊት የተለየ ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት የሚማረውን የንክሻ ልክ ሳያውቅ ይቀራል። ስትመርጥም እናቱን ተመልከት፤ ያለ ምክንያት የምትናከስ ወይም ሰው ባየች ቁጥር የምትርበተበት ከሆነች እለፋት። እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ ቡችላ ያየውን ሁሉ በቀላሉ ይለምዳል። ስለዚህ ፍየሉንም፣ ዶሮውንም፣ ሕፃኑንም፣ የሞተር ብስክሌቱንም ድምፅ በዚህ ጊዜ አሳየው፤ አሰማው።

ሁለተኛው ነገር ጥሪ ነው። አጭር ስም አውጣለት፤ ምግቡን ባቀረብህ ቁጥር ስሙን ጥራና አንድ ዓይነት ፉጨት አፏጭ። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ውሾች ከምግብ በፊት ዘወትር የሚሰሙትን ድምፅ የሰሙ እንደ ሆነ ምግቡን ሳያዩ ምራቃቸው እንደሚፈስስ አሳይቷል። አንተም የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ፉጨትህ በውሻው አእምሮ ከጥጋብ ጋር ይተሳሰር። ያገራችን ሰው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል፤ በበላበትም ይመለሳል ብለን ብንጨምርበት ሐሰት አይሆንም።

ሦስተኛው ገመድ ነው። አራት ወር ገደማ ሲሞላው አሥር ሜትር የሚሆን ቀላል ገመድ ካንገቱ ማሰሪያ ጋር አያይዘህ ወደ ሜዳ አውጣው። ራቅ ሲል ጥራው፤ ካልመጣ በዝግታ ሳበው፤ ሲደርስ ወዲያውኑ ቁራሽ ስጠውና አሻሸው። የዘገየ ምስጋና ስለ ምን እንደ ተሰጠው አይገባውምና። ትምህርቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሁን፤ በያንዳንዱም ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ድንጋይ አለ። ውሻው ግማሽ ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ ጌታው በአርጩሜ ይቀበለዋል። ጌታው የመታው ስለ መጥፋቱ ነው፤ ውሻው የሚረዳው ግን ስለ መምጣቱ እንደ ተመታ ነው። እንዲህ የተቀጣ ውሻ ሁለተኛ ሲጠሩት ለምን ይመጣል? ስለዚህ ንዴትህ ጉሮሮህ ላይ ቢደርስም እንኳ፣ የመጣን ውሻ አትምታ።

አራተኛው ትዕግሥት ነው። ምግቡን ከፊቱ አኑረህ «ቁም» በለው። መጀመሪያ ሦስት ሰከንድ ይቁም፤ እያደር አንድ ደቂቃ ይድረስ። ይህን ቤት ውስጥ ሲያውቅ በገመድ ይዘህ ፍየሎች በሚግጡበት አጠገብ አሳልፈው። ፍየል አይቶ ገመዱን መወጠር እስኪተው ድረስ ገመዱን አትፍታ፤ ይህ ሳምንታት ቢወስድም አይግረምህ።

አምስተኛው ሽታ ነው። የደረቀ ቆዳ ቁራጭ በገመድ አስረህ ሃምሳ ርምጃ ያህል በሣር ላይ ጎትትና ሸሽገው። ውሻው በአፍንጫው ተከትሎ ሲያገኘው ጥራው፤ ይዞልህ ሲመጣም በቁራሽ ሥጋ ለውጠው እንጂ ካፉ አትንጠቀው። የተነጠቀ ውሻ ያገኘውን ይዞ መሸሽ ይማራል።

ዓመት ሳይሞላው ረጅም ሩጫ አታስሩጠው፤ አጥንቱ ገና አልጠናም። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን በይበልጥ የሚያወጣው በማለክለክ ነው። በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት በማለዳ እንጂ በቀትር አታውጣው፤ ውሃም ያዝለት። መጀመሪያም ከከርከሮና ከጃርት አርቀው። የከርከሮ ክራንቻ ሆድ ይዘረግፋል፤ የጃርት እሾህም ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የሚቻል ከሆነ ዕድሜ ከጠገበና ከረጋ ውሻ ጋር ውሰደው፤ ወጣቱ ከሽማግሌው ይማራልና።

ስለ ጤናው አንድ ነገር ልጨምር። ገንዲ ከብትን ብቻ ሳይሆን ውሻንም ይይዛል፤ ውሻህ ያለ ምክንያት ከከሳና ከደከመ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰደው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በሰው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1885 ሲሆን፣ ዛሬም በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው አስከትበው፤ ሐኪሙ በሚነግርህ ጊዜም አስደግመው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይጠብና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ። ጉዳቱ በሰው ብቻ አይቆምም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በሌላ አገር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል።

አሁን ውሻው ተማረ እንበል። ምን ያድናል? ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ይህን ደንግጓል። ለጨዋታ ሲባል አንዲት ሚዳቋ ማስገደል የመንግሥት ሠራተኛን ያስነውራል፤ ያስቀጣልም። ቢያዝስ ምን ይጠቅማል? ጥንቸልን በልማዱ ክርስቲያኑ አይበላም፤ ከርከሮን ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላም።

ነገር ግን ለውሻህ የከበረ ሥራ አለው። ማሽላና በቆሎ ሲያፈራ ቀን ዝንጀሮና ከርከሮ፣ ሌሊት ጃርትና የዱር አሳማ ማሳውን ይወርሩታል። ገበሬው ማማ ላይ ተቀምጦ፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ቀርተው እህሉን ይጠብቃሉ። ወራሪውን እስከ ማሳው ዳር አባርሮ፣ ፉጨት ሲሰማ ከዳር የሚመለስ አንድ ውሻ ለዚህ ቤተሰብ ትልቅ ረዳት ነው፤ ምናልባትም አንድን ልጅ ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ዳር ላይ የማይቆም ውሻ ግን ዱር ገብቶ በነብር ይበላል፤ ወይም በከርከሮ ቆስሎ ይቀራል። እንግዲህ ከቡችላነቱ ጀምሮ የደከምህበት ፉጨት እህሉንም ውሻውንም የሚያድነው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ «ውሻዬ አዳኝ ነው» ብለህ ከመናገርህ በፊት እንዲህ ፈትነው። አጥር በከበበው ሜዳ ገመዱን ፍታለት፤ ከአጥሩ ወዲያ የፍየል መንጋ ሲያልፍ፣ ዓይኑም ጆሮውም ወደዚያ ሲያዘነብል፣ አንድ ጊዜ ብቻ አፏጭ። ከመጣ ሥራህ ሠምሯል፤ አሻሸው። ካልመጣም ገመዱን መልሰህ እሰርና ከምግቡ ሳሕን እንደገና ጀምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።