በፈረስና በመርፌ፤ ከቀይ ቀበሮ ጀርባ ያሉ ሰዎች

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ የሚመስል ጥያቄ አቅርቤላቸው ነበር። ከምድረ ገጽ ሊጠፋ የተቃረበ አንድ የዱር እንስሳ እንዲጠቅሱ ስጠይቅ፣ ከግማሽ የሚበልጡት «አውራሪስ» ሲሉ መለሱ። መልሱ ስሕተት የለበትም። ጠመንጃ ያነገቱ ጠባቂዎች ቀንና ሌሊት አውራሪሶችን ሲጠብቁ የሚያሳይ ዘገባ በቴሌቪዥን ያልተመለከተ ተማሪ ጥቂት ነው። የእንስሳው ስምም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱምን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕሊውስጤስ፣ ኢትዮጵያውያን አውራሪስን በቋንቋቸው «አርዌ» እና «ሐሪስ» እንደሚሉት፣ በሕይወት ያለውን ከሩቅ እንዳየ፣ ቆዳው በገለባ ተሞልቶ በቤተ መንግሥት የቆመውን ደግሞ ከቅርብ እንደተመለከተ ጽፏል። ዛሬ አውራሪስ ከኢትዮጵያ ዱር ጠፍቷል፤ የቀረልን ስሙ ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ቀይ ቀበሮን የጠቀሰ አንድ ተማሪ ብቻ ነበር። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር አይገኝም፤ በዓለም ካሉት የውሻ ዘመዶች በቁጥር እጅግ አነስተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። በአጠቃላይ ያለው ብዛት 500 ገደማ ቢሆን ነው። መኖሪያው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ባለው ውርጭ ምድር ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ተራሮች፣ የቀረው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ከፍተኛ ቦታዎች ተበታትኖ ይገኛል። ከጮቄና ከጎሽ ሜዳ ግን ጠፍቷል። ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰሜን ተራሮችን የጎበኘው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እኛ ቀበሮ እንበለው እንጂ፣ በ1990ዎቹ የተደረገ የዘረመል ጥናት ይበልጥ የሚዛመደው ከተኩላ ጋር መሆኑን አሳይቷል።

አውራሪስንና ቀይ ቀበሮን ያነጻጸርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአውራሪስ ጠላት ቀንዱን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ነው፤ ሊታይ፣ ሊከተሉትና ሊይዙት ይቻላል። የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ጠላቶች ደግሞ ሁለት ናቸው። አንደኛው የመኖሪያው በእርሻና በግጦሽ መጥበብ ነው። ሁለተኛው በዓይን አይታይም፤ ከሰው ጋር ወደ ተራራው ከሚወጡት የቤት ውሾች የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኝ አስነሥቷል። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሾች በሽታ ደግሞ በ2010 እና በ2015 ተከትሎ መጥቷል። በ1991 እና በ2003 በተጠቁት ሸለቆዎች ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በጥቂት ወራት ውስጥ አልቀዋል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ የሚኖርና እየተላላሰ ሰላምታ የሚለዋወጥ እንስሳ ነው፤ አንዱ ሲታመም የቤተሰቡ አባላት የሚያመልጡበት ዕድል ጠባብ ነው።

ጠላቱ እንዲህ ያለ ከሆነ ጠባቂዎቹም የተለዩ መሆን አለባቸው። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የተመሠረተው በ1995 ነው። መሥራቹ አርጀንቲናዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ክላውዲዮ ሲሌሮ ሲሆኑ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ባሌ መጥተው ለዶክትሬት ጥናታቸው ቀበሮዎቹን ሲከታተሉ የ1991ዱ ወረርሽኝ በዓይናቸው ፊት ያጠኗቸውን መንጎች ፈጃቸው። ፕሮግራሙ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር የሚሠራ የበጎ አድራጎት ሥራ ነው። የውጭ አገር ስሞች በመጽሔቶች ላይ ጎልተው ይታዩ እንጂ፣ ሠራተኞቹ በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የመስክ ተከታታዮቹም ከተራራው ሥር ካሉት መንደሮች የወጡ ፈረሰኞች ናቸው።

የእነዚህ ፈረሰኞች ሥራ ለሚሰማው ሰው ቀላል ይመስላል። በሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ሌሊት ውሃው በረዶ በሚሆንበት ቦታ ያድራሉ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው መንጋው ድንበሩን ሊቃኝ ሲወጣ ይጠብቃሉ፤ በአጉሊ መነጽር ይቆጥራሉ፤ ማን እንዳለ፣ ማን እንደጎደለ፣ የትኛዋ እንዳረገዘች በደብተር ይመዘግባሉ። ቀበሮዎቹን በመልክ ለይተው ያውቋቸዋል። አካባቢው ሰው በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይለዋል፤ ፈረሰኛ ቀበሮ ተከታይ መሆኑ በአጋጣሚ የገጠመ ይመስላል። በዚህ አሰልቺ በሚመስል ቆጠራ ውስጥ ነው ሁሉም ነገር ያለው። አንድ ፈረሰኛ የሞተ ቀበሮ ባገኘ ጊዜ ናሙና ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ የእብድ ውሻ በሽታ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከአንጎል በሚወሰድ ናሙና ነውና። የመጀመሪያው ሬሳ በተገኘበትና ክትባቱ በተጀመረበት ቀን መካከል ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር የሚተርፉት ይበዛሉ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ተማሪ «የፊዚክስ መምህርን እዚህ ምን አገባው?» ሊል ይችላል። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር የሠራሁት ፈሳሽ በተቦረቦሩ ጠጣር ነገሮች ውስጥ ስለሚሰርግበት ሁኔታ ነበር። አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቆየ የ«ኔቸር» መጽሔት ሳገላብጥ፣ ስለ አገሬ ቀበሮዎች የተጻፈ የሒሳብ ጽሑፍ አገኘሁና የራሴን ሥራ ትቼ አነበብሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ በሽተኛ በአማካይ ለስንት ጤነኞች በሽታውን ያስተላልፋል የሚለው ቁጥር የመባዛት ቁጥር ይባላል። ቁጥሩ ከ1 ከበለጠ ወረርሽኙ ይሰፋል፤ ከ1 ካነሰ ይከስማል። ለምሳሌ ቁጥሩ 2 ቢሆን፣ ከሁለቱ ተጋላጮች አንዱን ብንከትብ ወደ 1 እናወርደዋለን፤ ስለዚህ 50 በመቶ መከተብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለኩፍኝ ቁጥሩ ከ12 እስከ 18 ስለሚደርስ ከ90 በመቶ በላይ መከተብ ግድ ይላል። በውሾች መካከል የእብድ ውሻ በሽታ የመባዛት ቁጥር በአብዛኛው ከ2 በታች ነው። ይህ መልካም ዜና ቢሆንም፣ በውርጭ ምድር ላይ ከተበታተኑ ቀበሮዎች ግማሹን በወጥመድ ይዞ መርፌ መውጋት ዘበት ነው። መያዙ ራሱ ለእንስሳው አደጋ አለው።

አሁን በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ ወረቀት አስቡ። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ የቀበሮ መንጋ ነው፤ በሽታው ከሳጥን ወደ ጎረቤት ሳጥን ይሻገራል። ሳጥኖቹን በዘፈቀደ እየመረጣችሁ በእርሳስ ብታጠቁሩ፣ 41 በመቶ ገደማ በጠቆረ ጊዜ ከወረቀቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው የሚያደርስ ነጭ መንገድ በድንገት ይጠፋል። ይህ በፊዚክስ ፐርኮሌሽን የሚባለው ክስተት ሲሆን፣ ለውጡ ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት መሆኑ ነው የሚያስገርመው። ሳጥኖቹን በዘፈቀደ ከማጥቆር ይልቅ ጠባቡን መተላለፊያ መርጦ ማጥቆር ከተቻለ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል። የምኖርበትን ሰፈር ለምሳሌ ልውሰድ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶ ቢቆም፣ በጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። መንገዱን ሁሉ መዝጋት አላስፈለገም፤ ማዞሪያው ብቻ በቂ ነው።

የባሌም መልክዐ ምድር እንዲሁ ነው። የወብ ሸለቆ፣ ሞረባዋና ሳነቴ ብዙ ቀበሮ የያዙ ሰፋፊ ቦታዎች ሲሆኑ፣ የሚገናኙት በጠባብ መተላለፊያዎች ነው። ዳንኤል ሄይደን፣ ካረን ሎረንሰንና ሲሌሮ በ2002 ባወጡት ጥናት ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ቀበሮዎች መከተብ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ለማስቀረት ሊበቃ እንደሚችል አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2003፣ በሽታው በወብ ሸለቆ ሲነሣ ስሌቱ ከወረቀት ወደ ሜዳ ወረደ። በመተላለፊያዎቹ አካባቢ ያሉ ቀበሮዎች እየተያዙ ተከተቡ፤ ወረርሽኙም የባሌን ቀበሮዎች በሙሉ ሳያዳርስ ቆመ። እኔ በቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት የ2006ቱ ጽሑፍ ይህንኑ የሚተነትን ነበር። የጸሐፊዎቹን ስም ዝርዝር ስመለከት ሒሳብ አዋቂ፣ የእንስሳት ሐኪምና የመስክ ሰው ተደባልቀውበታል። ስሌቱ የተመሠረተበትን ቁጥር በብርድ ውስጥ የሰበሰቡት ፈረሰኞች ናቸው፤ በእኔ አስተያየት ከሞዴሉ ይልቅ ደብተሩ ከባድ ነበር።

ቀበሮውን መከተብ ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ ምንጩ ውሻው ነው። ስለዚህ የፕሮግራሙ ቡድኖች በየመንደሩ እየዞሩ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ውሾች ይከትባሉ። «በየዓመቱ» የሚለው ቃል ለምን እንዳስፈለገ ተማሪዎች ራሳችሁ አስሉት። በአንድ መንደር ካሉት ውሾች 70 በመቶ ተከተቡ እንበል። በዓመት ከውሾቹ አንድ ሦስተኛው ሞተው ባልተከተቡ ቡችሎች ቢተኩ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተከተቡት 47 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናሉ። ከ50 በመቶው በታች ወረዱ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 70 በመቶውን የመረጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው የውሾች ቶሎ ቶሎ መተካት ነው። የእረኛ ውሻ ደግሞ ሰንሰለት አያውቅም፤ ክትባት ሰጪው ውሻውን ከማግኘቱ በፊት ባለቤቱን ማሳመን አለበት። የተከተበ ውሻ ከብቱንና ልጁን ጭምር እንደሚጠብቅለት የተረዳ ገበሬ ውሻውን ራሱ ይዞ ይመጣል።

ይህ ጉዳይ የተራራ ብቻ አለመሆኑን ባለፈው ክረምት በራሴ በር ላይ አየሁት። በ18 ማዞሪያ በሰፈራችን ባለቤት የሌለው አንድ ውሻ የጎረቤቴን የሰባት ዓመት ልጅ እግሩን ነከሰው። አያቱ እማማ «ቁስሉ ትንሽ ነው፣ አመድ ነስንሱበት» ሲሉ፣ እኔ በፊዚክስ ሳይሆን በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ያነበብሁትን አስታውሼ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እንድናጥበው ለመንኋቸው። «ልጄ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ? ቆዳውን ልትገፍፈው ነው?» አሉኝ፤ ሆኖም ሰዓት ይዘን አጠብነው፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን በየቀጠሮው ጨረሰ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የሚቻልበት መንገድ የለም ለማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ሳሙናውና ክትባቱ ያድናሉ። ውሻው ወዴት እንደሄደ ማንም አላወቀም።

ወደ ባሌ ልመለስ። መርፌው ቀበሮውን መያዝ ስለሚጠይቅ፣ ተመራማሪዎቹ ለዓመታት በአፍ የሚሰጥ ክትባት ሲሞክሩ ቆይተዋል። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ፣ ቡድኑ ሌሊት መንጋው በሚያድርበት አካባቢ እየዞረ ይጥለዋል። ቀበሮው ቁራሹን ሲያኝክ ፈሳሹ በአፉ ውስጥ ይፈሳል። ከሙከራው በኋላ በመደበኛነት መስጠት የተጀመረው በ2018 ነው። ለዲስቴምፐር ግን የሚጠቅም የአፍ ክትባት እስካሁን የለም።

ሥራው ሁሉ በብዛት የሚቆጠር አይደለም። በ2020 በሰሜን ተራሮች እግሩን በጥይት የተመታ አንድ ወንድ ቀበሮ ተገኘ። ቀይ ቀበሮ ከዚያ በፊት ተይዞ ታክሞ ወደ ዱር ተመልሶ አያውቅም ነበር። የፓርኩና የፕሮግራሙ ሰዎች በተራራው ላይ መጠለያ ሠርተው ለ51 ቀናት አስታመሙት፤ ስሙንም «ተረፈ» አሉት። ሲለቀቅም ያለበትን ቦታ በሳተላይት የሚያመለክት መሣሪያ በአንገቱ ታስሮለት ነበር። ተረፈ ኋላ ከአንዲት ሴት ጋር ተጣምሮ ልጆች አፍርቷል። ለአንድ እንስሳ ያን ያህል መድከም ከስሌት አንጻር አያዋጣም የሚል ሰው ይኖራል። በጥቂት አሥሮች በሚቆጠር ሕዝብ ውስጥ አንድ ለመራባት የደረሰ ወንድ ስንት በመቶ እንደሆነ ሲሰላ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በመንዝ ጓሳም እንዲሁ በደመወዝ የማይለኩ ጠባቂዎች አሉ። የአካባቢው ገበሬ የጓሳውን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲጠቀምበት የኖረው፣ ቦታውን ለዓመታት ዘግቶ በኋላ በጋራ ስምምነት በሚከፍት ሥርዓት ነው። ዶክተር ዘላለም ተፈራ ይህን ሥርዓት አጥንተው፣ ሣሩን የጠበቀው ሕግ በሣሩ ሥር ያለውን አይጥ፣ አይጧ ደግሞ ቀበሮውን እንዳቆየች አሳይተዋል።

በባሌ ግልገሎች የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ብርድ ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው ዋናዋ ሴት ብቻ ስትሆን፣ ሌሎቹ አይጥና ፍልፈል እያደኑ ያሳድጉላታል። ግልገሎቹ በሦስት ሳምንት ገደማ ከጉድጓድ ብቅ ሲሉ ፈረሰኛው ከሩቅ ተኝቶ ይቆጥራቸዋል። በደብተሩ ላይ የሚያሰፍረው ቁጥር የመንጋውን ብዛት ከፍ ሲያደርገው፣ የተከተቡትን ድርሻ በዚያው መጠን ዝቅ ያደርገዋል።