ከፈረሰ ቤት የወጣው ብረት ወዴት ይሄዳል?

ክረምቱ ወጥቶ የግንባታ ወቅት ሲገባ በየከተማው አሮጌ ቤቶች ይፈርሳሉ፤ በምትካቸውም አዳዲሶች ይቆማሉ። ከፍርስራሹ መካከል ቀድሞ ገዢ የሚያገኘው ብረቱ ነው። ኮንክሪቱ በመዶሻ እየተፈለጠ ፌሮው ይወጣል፤ የመስኮቱ ፍሬም፣ የበሩ ላሜራና የዛገው የጣሪያ ቆርቆሮም ለየብቻ ይከመራሉ። ከዚያ በኋላ ብረቱ ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል፣ ወይ በመዶሻ ተቃንቶ እንዳለ ለሌላ ግንባታ ይሸጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቤት ለሚሠራ ሰው ቀላል አይደለም።

ወደ ማቅለጫ የሚሄደው ብረት ጉዞውን የሚጀምረው በ«ቆራሌው» ከረጢት ወይም በአፍራሾች ጋሪ ላይ ነው። ከሰፈር መጋዘን ወደ ትልልቅ ነጋዴዎች፣ ከነጋዴዎቹ ደግሞ ወደ ፋብሪካ ይሻገራል። በፋብሪካው ከ1500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል፤ ቢሌት ወደሚባል ወፍራም ዘንግ ይቀየራል፤ ከዚያም እንደገና ግሎ በመዳመጫ መካከል እየተሳበ አዲስ ፌሮ ይሆናል። ወረቀት በታደሰ ቁጥር ጭረቱ እያጠረ ይደክማል፤ ብረት ግን በሚገባ ከቀለጠና ከተጣራ እንደ አዲስ ነው። አንድ ቶን ውዳቂ ብረት መልሶ ማቅለጥ 1 ነጥብ 4 ቶን የብረት ማዕድንና 740 ኪሎ ግራም ያህል የድንጋይ ከሰል እንደሚያድን የዓለም ብረት አምራቾች ማኅበር ያስረዳል። ኢትዮጵያ የብረት ማዕድን በስፋት አውጥታ የምታቀልጥ አገር ባለመሆኗ፣ በየጓሮው የወደቀው ብረት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ጥሬ ዕቃ ይተካል።

ይሁንና የፌሮው ጥራት ከፋብሪካው በር በፊት መወሰን ይጀምራል። ከብረት ጋር ተደባልቆ ወደ ምድጃ የገባ መዳብ አንድ ጊዜ ከቀለጠ በኋላ ተለይቶ አይወጣም። መጠኑ ከበዛም ብረቱ ግሎ በሚሳብበት ጊዜ ገጹ እንዲሰነጣጠቅ ያደርጋል። የዲናሞና የሞተር ጥቅልል ሽቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና መሰል ዕቃ ተነጥሎ መሸጥ ያለበት ለዚህ ነው። ለሻጩም ቢሆን ትርፉ በመለየት ነው፤ መዳብና አሉሚኒየም ከብረት እጅግ የተሻለ ዋጋ ስላላቸው ደባልቆ የሚሸጥ ሰው ውዱን በርካሹ ሒሳብ ይሰጣል። ውሃ የያዘ ቧንቧ ወይም የታሸገ የጋዝ ሲሊንደር በቀለጠ ብረት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፤ ለአቅላጩ ሠራተኛ የሞት አደጋ ነው።

ተቃንቶ የሚሸጠው አሮጌ ፌሮ ዋጋው ስለሚረክስ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ችግሩ ብረቱ ሳይግል ታጥፎ ሲቃና ከታጠፈበት ቦታ ላይ መድረቁና መሰበር መቀናቱ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ሊኖረው ይችላል። ስስ ዝገት ከኮንክሪት ጋር እንዳይያያዝ አያደርገውም። እንደ ቅርፊት እየተላጠ የሚረግፍ ዝገት ግን ውፍረቱን በልቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብረት ለአጥር፣ ለዶሮ ቤት ወይም ለመሰል ቀላል ሥራ ይበቃል፤ ፎቅ ለሚሸከም ምሶሶና ቢም ግን መዋል የለበትም። በግንበኛ ጥድፊያና በባለቤት ቁጠባ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው።

አዲስ ተብሎ የሚገዛውን ፌሮ ለማጣራት ደግሞ ሚዛን ይበቃል። የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል የአንድ ሜትሩን ክብደት በኪሎ ግራም ይሰጣል። ባለ 12 ፌሮ ሲሰላ 12 ጊዜ 12 ይሆናል 144፤ ለ162 ሲካፈል በሜትር 0 ነጥብ 89 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ 12 ሜትር የሚረዝም አንድ ቤርጋ ወደ 10 ነጥብ 7 ኪሎ ሊመዝን ይገባል። ባለ 10 ከሆነ 7 ነጥብ 4፣ ባለ 8 ከሆነ 4 ነጥብ 7 ኪሎ ያህል ነው። የጥቂት በመቶ ልዩነት ያለ ነገር ነው። ባለ 12 ተብሎ የተገዛው ቤርጋ 9 ኪሎ ብቻ ከመዘነ ግን በእውነቱ ባለ 11 ነው፤ ገዢው ከከፈለበት ብረት 16 በመቶው ያህል የለም። መሐንዲስ ያሰላው የብረት ብዛት በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ በምሶሶው ውስጥ የሚጎድለው እንዲህ ነው።

በገጠር ሦስተኛ መንገድም አለ። ባለእጆች ውዳቂ ብረትን መልሶ መጠቀምን ፋብሪካ ሳይታሰብ ጀምረውታል፤ ኅብረተሰቡ ሙያቸውን እየናቀ በሠሩት ማረሻ ሲያርስ ኖሯል። ለማረሻ የሚመረጠው የመኪና ባሌስትራ ነው። ካርቦኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። ከፌሮ የተቀጠቀጠ ማረሻ ግን ለስላሳ ስለሆነ በድንጋያማ ማሳ ቶሎ ይዶለዱማል። ገበሬው በርካሽ አግኝቶት ለማሾል ሲመላለስ ትርፉን ያጣዋል።

ብረት ፍለጋው ወደ ገጠር በገባ መጠን ሁለት ነገሮች ከገበያው መውጣት አለባቸው። አንደኛው ከኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ማማ ላይ የሚፈታ ብረት ነው። ጥቂት ኪሎ ብረት የጎደለበት ማማ በነፋስ ሲወድቅ ወፍጮ ቤቱና ጤና ጣቢያው አብረው ይጨልማሉ፤ ሻጩም ገዢውም በሕግ ይጠየቃሉ። ሁለተኛው ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር አካባቢዎች በየማሳው የቀረ ያልፈነዳ ተተኳሽ ነው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች እንደ ውዳቂ ብረት አንስተው ለመሸጥ ወይም ለመፍታት ሲሞክሩ ሕይወትና አካል ጠፍቷል። የዛገ መሆኑ ሞቷል ማለት አይደለም፤ በውስጡ ያለው ፈንጂ ለዓመታት አይበላሽም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሳይነካና ሳያንቀሳቅስ በመጣበት ዱካ ተመልሶ፣ ሌሎች እንዳይጠጉ ከሩቅ ምልክት አድርጎ ለቀበሌው አስተዳደር ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት።