ፊርማው የማን ነው? የእግር ኳስ ካርድ መሰብሰብና የተጫዋቾችን ታሪክ ማቆየት

አዲስ አበባ፦ በልደታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት አጎቴ ከአልጋቸው ሥር አንድ አሮጌ የቆዳ ሻንጣ አላቸው። በውስጡ የደብተር ሽፋኖች፣ ከጋዜጣና ከመጽሔት የተቆረጡ ምስሎች፣ በፎቶ ቤት የታጠቡ ፎቶግራፎች እንዲሁም ከውጭ አገር የመጡ ጥቂት የታተሙ ካርዶች ይገኛሉ። ሁሉም የእግር ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ወደ አርባ የሚጠጉት ደግሞ የተጫዋቾቹ ፊርማ አርፎባቸዋል።

በቅርቡ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ አብረን ቆጠርናቸው። ከአርባው የአሥራ አንዱን ባለቤት ለይተን ማወቅ አልቻልንም። አጎቴ ፎቶውን ወደ መስኮቱ እየያዙ፣ “ይህ ልጅ ክንፍ ተጫዋች ነበር፤ ግራ እግሩ አይጣል ነበር፤ ስሙን ግን አንተዬ…” ብለው ዝም አሉ። ፊርማውን ሲቀበሉ ስሙን የሚረሱት አልመሰላቸውም ነበር።

እኔ የተማርኩት ግብርና ነው። ኮሌጅ ሳለን አረምና ሣር ሰብስበን፣ በጋዜጣ መካከል አድርቀን ለመምህራችን እናስረክብ ነበር። የተነቀለበት ቀበሌ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ያልሰፈረበት ናሙና ምንም ያህል ቢያምር ውጤት አያሰጥም። ሁለት ዓይነት የጤፍ ዘር ያለ ምልክት ጎን ለጎን አስቀምጦ በመዝሪያው ወቅት ግራ የገባው ገበሬም ነገሩን ያውቀዋል። የተፈረመበት ካርድም እንደዚያው ነው፤ ማን፣ መቼ፣ የት የሚለው ካልተጻፈ ውሎ አድሮ የማይነበብ ጭረት ብቻ ይሆናል።

በዓለም ላይ ይህ ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው። በእንግሊዝ አገር የሲጋራ ፓኬቶች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተጫዋቾች ምስል ያለባቸው ካርዶች ይዘው ይወጡ ነበር። በጣሊያኗ ሞዴና ከተማ የፓኒኒ ወንድማማቾች የመጀመሪያውን የተጫዋቾች ምስል መለጠፊያ አልበም ያወጡት ለእ.ኤ.አ 1961/62 የውድድር ዘመን ነበር። የእኛ አገር ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውም በዚያው የውድድር ዘመን ነው። የጣሊያን ልጆች የክለቦቻቸውን ተጫዋቾች በየአልበማቸው ሲለጥፉ፣ የአፍሪካን ዋንጫ ላነሡት የእኛ ልጆች እንዲህ ያለ አልበም አልነበራቸውም። ትዝታቸው በየሰው ኪስና በየሻንጣው ተበትኖ ቀርቷል።

ዕለቱ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ። ኢትዮጵያ በፍጻሜው በአዲስ አበባ ስታዲየም የገጠመችው በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን ነው። ግብጾች በባደዊ ቀድመው አስቆጠሩ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ባደዊ ወዲያው መልሶ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አከሉ። ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ፤ ሉቻኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

በአጎቴ ሻንጣ ውስጥ የመንግሥቱ ወርቁ ፎቶግራፍ አለ፤ ፊርማ ግን የለበትም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወተው፣ በአፍሪካ ዋንጫ በድምሩ 10 ግቦችን ያስቆጠረው መንግሥቱ፣ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኖ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አብቅቷል። በ2003 ዓ.ም. አረፈ። ሉቻኖም ከአገር ወጥቶ ብዙ ዘመን በጣሊያን ኖሮ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አርፏል። በተጫዋችነትም በአመራርም ስማቸው የሚነሣው፣ ከእ.ኤ.አ 1972 ጀምሮ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። “ነገ አስፈርመዋለሁ እያልሁ ሳለ ሰውየው አለፈ” ይላሉ አጎቴ፤ የሚቆጩት በመንግሥቱ ነው።

ከሻንጣው የወጣ ሌላ ምስል ደግሞ ወደ ቀን አጻጻፍ ጉዳይ አመጣን። ከመጽሔት የተቆረጠ የአዳነ ግርማ ምስል ነው። በጀርባው በአጎቴ እጅ “ጥር 13” ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመት የለውም። ነገሩ የሚያስገርመው ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ያደረገችውም በጥር 13 ቀን፣ በ2005 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመች። የሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰበት፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ በጎዶሎ ሰው እየተጫወቱ አዳነ አቻ የምታደርገውን ግብ አስቆጠረና 1 ለ 1 ተለያዩ። እንግዲህ ዓመት ያልተጻፈበት “ጥር 13” የትኛው ነው? የአዲስ አበባው ወይስ የኔልስፕሩቱ?

ዓመት መጻፍም ብቻውን አይበቃም። “2013” የሚል ቁጥር ያለበትን ካርድ እንውሰድ። እንደ ፈረንጆቹ ከተቆጠረ የእነ አዳነ ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ግን ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎንደር የወሰደበት፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስርም 29 ግቦች አስቆጥሮ ከፍተኛ ግብ አግቢ የሆነበት ዓመት ነው። ስለዚህ “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ” የሚለውን መጨመር ግድ ነው። (ካርድ በወጉ ካለመቆጠሩ የተነሣ አገር የተጎዳበት ጊዜም አለ። በዚያው በ2005 ዓ.ም. ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች በቦትስዋናው ጨዋታ በመሰለፉ ብሔራዊ ቡድኑ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሦስት ነጥብ ተቀንሶበታል።)

አሁን መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ሥራው እንዲህ ነው። ተጫዋቹን ከጨዋታ በፊት አያስቸግሩት፤ ከልምምድ በኋላ ጊዜ ይኖረዋል። ፊርማውን ሲያኖር ከሥሩ ሙሉ ስሙን በራሱ እጅ እንዲጽፍ ይለምኑት፤ ብዙዎች ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። በሚያብረቀርቅ ፎቶግራፍ ላይ ተራ እስክሪብቶ ይንሸራተታል፤ የማይለቅ ቀለም ያለው ቀጭን ማርከር ይሻላል። ከተፈረመ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳይደርቅ ከሌላው ጋር ከተደራረበ ግን ቀለሙ ይታተማል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ክለቡን፣ ከተቻለም ጨዋታውንና ውጤቱን ዕለቱኑ በጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጫን ሳይሉ ይጻፉ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀለም ዘልቆ ፊቱን ያበላሻል፤ ጠንክሮ የተጫነም ምልክቱ በፊት በኩል ይወጣል።

የማቆያው ነገር ለገበሬ እንግዳ አይደለም፤ እህልን የሚያጠፉት ካርድንም ያጠፋሉ። እርጥበት፣ ነፍሳት፣ አይጥ፣ ጭስ። ፀሐይ ደግሞ ፊርማን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ በመስኮት ትይዩ ግድግዳ ላይ መስቀል አይመከርም። የአጎቴ ትልቁ ጉዳት የደረሰው ከቀድሞ ቤታቸው ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲዛወሩ ነው። አንድ ከረጢት ሙሉ ካርድ ዝናብ አገኘው፤ ሲከፍቱት እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጡብ ሆኖ ነበር። በፕላስተር መለጠፍም ይቅር፤ እያደር ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላል። ብዙ ሰው ላሚኔት ማስደረግን እንደ መፍትሔ ያየዋል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ ነገር ግን ሙቀቱ ቀለሙን ሊያበላሽ ይችላል፣ አንዴ ከታሸገም ሳይቀደድ አይከፈትም። ንጹሕ ፖስታና ክዳኑ የሚገጥም ደረቅ ሣጥን ከመሬት ከፍ ተደርጎ ቢቀመጥ በቂ ነው።

ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ ሰው ደግሞ ማጭበርበርን ሊጠረጥር ይገባል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ፊርማው ልክ እንደ ምስሉ ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ከካርዱ ጋር የታተመ ነው። በእጅ የተጻፈ ከሆነ የብዕሩ መስመር ሲደራረብና ሲከብድ ሲቀል ይታያል። በሁለት ካርዶች ላይ አንድም ሳይዛነፍ የሚመሳሰል ፊርማ ካገኙ ቢያንስ አንዱን ይጠርጥሩ፤ ሰው ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት አይፈርምም።

የሚሰበሰበው የድሮ ሰው ብቻ እንዳይመስለን። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ ልምምድ የሚሠሩ ተጫዋቾችን ዛሬ በቀላሉ ማግኘት ይቻላል። የሴቶቹ ጉዳይ ይብሳል፤ ሎዛ አበራ እስከ ማልታ ሄዳ የተጫወተች ስመ ጥር አጥቂ ሆና ሳለ በአጎቴ ሻንጣ ውስጥ የአንዲት ሴት ተጫዋች ምስል እንኳ የለም። ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና “እውነትህን ነው” አሉኝ።

ከመሄዴ በፊት አሥራ አንዱን ስም የለሽ ካርዶች ለይተን በአንድ ፖስታ አኖርን። አጎቴ በእያንዳንዱ ጀርባ የሚያስታውሱትን ነገሩኝ፤ እኔ በእርሳስ ጻፍሁ። የግራ ክንፉ ተጫዋች ጀርባ ላይ “በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ የተፈረመ፤ ግራ እግር፤ ማልያ ቁጥር 11” የሚል ሰፍሯል። የስሙን ቦታ ባዶ ትተነዋል። በሚቀጥለው ጊዜ አጎቴ ፖስታውን ይዘው አብረዋቸው ስታዲየም ይገቡ የነበሩ አንድ ጎረቤታቸውን ሊጠይቁ ተስማምተናል።