የግራር ሳይንሳዊ ስምና ምደባ

ግራር በአማርኛ በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ የሚበቅሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሾህ ያላቸው የብዙ ዛፎች የጋራ መጠሪያ ነው። ዛፎቹ በአተር አስተኔ (ፋባሴዬ) ውስጥ ይመደባሉ። በሳይንስ ከ200 ዓመት በላይ «አካሲያ» በሚባል አንድ ወገን ሥር ሲቆጠሩ ቆይተው ዛሬ በተለያዩ ወገኖች ተከፍለዋል። «አካሲያ» የሚለው ስም ራሱ አሁን በዋናነት የአውስትራሊያ ዛፎች መጠሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙ መነሻ

ስሙ የመጣው «አካኪያ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የመድኃኒት ዕፅዋት ጸሐፊ ዲዮስኮሪደስ ቃሉን የተጠቀመበት በግብፅ ለሚበቅል እሾሃማ ዛፍ ነበር። ይህ ዛፍ በኢትዮጵያ ቆላም ይገኛል።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ዛፍ «ሚሞዛ ኒሎቲካ» ብሎ ሰየመው፤ «ኒሎቲካ» ማለት «የናይል» ማለት ነው። በ1754 እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሚለር አካሲያን ከሚሞዛ የተለየ ወገን አደረገው። በ1806 ጀርመናዊው ካርል ቪልደኖቭ በርካታ ዝርያዎችን ወደ አካሲያ አዛወረ።

በአበባ የተመሠረተ ምደባ

በ1842 እንግሊዛዊው ጆርጅ ቤንተም የአካሲያን ወሰን በአበባው ወንዴ ክፍሎች ወሰነ፦ ብዙ ከሆኑና እርስ በርስ ካልተጣበቁ ዛፉ አካሲያ ነው። መለኪያው ቀላል ስለነበር ለረጅም ጊዜ አገለገለ። ይሁን እንጂ ወገኑ እየሰፋ ሄዶ ከ1,300 በላይ ዝርያዎችን ያዘ። በውስጡ ግልጽ ልዩነት ያላቸው ሦስት ትልልቅ ቡድኖች ነበሩ፦

• ከቅጠሉ ግርጌ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ቀጥ ያለ እሾህ ያላቸው፣
• እንደ መንጠቆ የጎበጠ አጭር እሾህ ያላቸው፣
• በአብዛኛው እሾህ የሌላቸውና ብዙዎቹ በእውነተኛ ቅጠል ፈንታ ጠፍጣፋ የሆነ የቅጠል አንገት ያላቸው። እነዚህ በዋናነት የአውስትራሊያ ናቸው።

በ1986 አውስትራሊያዊው ሌስ ፔድሊ ቡድኖቹ ሦስት ራሳቸውን የቻሉ ወገኖች እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ያኔ ብዙ ተቀባይ አላገኘም። በኋላ ግን የዲ.ኤን.ኤ. ጥናቶች የአካሲያ ዝርያዎች ከአንድ የቅርብ አያት ብቻ የወረዱ እንዳልሆኑ አሳዩ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ከሌሎቹ አካሲያዎች ይልቅ ከሌላ ወገን ዛፎች ጋር ይዛመዳሉ። ስለዚህ ወገኑን መክፈል ግድ ሆነ።

የስሙ ክርክር

በዕፅዋት አሰያየም ደንብ እያንዳንዱ የወገን ስም ከአንድ ዝርያ ጋር የተሳሰረ ነው። ይህ ዝርያ «ዓይነተኛ ዝርያ» ይባላል። ወገኑ ሲከፈል ስሙ ዓይነተኛው ዝርያ ካለበት ክፍል ጋር ይሄዳል። የአካሲያ ዓይነተኛ ዝርያ የናይሉ ዛፍ ስለነበር፣ በደንቡ መሠረት ስሙ ከአፍሪካ ግራሮች ጋር መቅረት ነበረበት። የአውስትራሊያዎቹ ደግሞ «ራኮስፐርማ» ይባሉ ነበር።

በ2003 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ዓይነተኛው ዝርያ በአንድ የአውስትራሊያ ዛፍ እንዲተካ ጠየቁ። ምክንያታቸው የቁጥር ነው፦ በአውስትራሊያ ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ስማቸው ሲቀየር፣ ዓይነተኛው ዝርያ ባለበት ቡድን ያሉት ግን 160 ገደማ ብቻ ናቸው። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ስሙ ከጥንት ጀምሮ የአፍሪካው ዛፍ እንደነበረና 160ዎቹ ዝርያዎች በብዙ አገሮች ተሰራጭተው በሰፊው እንደሚታወቁ ተከራከሩ።

ጉዳዩ በ2005 በቪየና በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ለድምፅ ቀረበ። ከድምፅ ሰጪዎቹ ከግማሽ በላይ ለውጡን ቢቃወሙም፣ የኮሚቴውን ውሳኔ ለመሻር 60 በመቶ ያስፈልግ ስለነበር ለውጡ ጸደቀ። በአሠራሩ ቅር የተሰኙ ተመራማሪዎች ክርክሩን ቢቀጥሉም በ2011 የሜልቦርን ጉባኤ ውሳኔውን አጸና።

የኢትዮጵያ ግራሮች አዲስ ስም

ቀጥ ያለ ጥንድ እሾህ ያላቸው ወደ «ቫቼሊያ»፣ የጎበጠ እሾህ ያላቸው ወደ «ሴኔጋሊያ» ተዛውረዋል። ከሴኔጋሊያም በኋላ ትንንሽ ወገኖች ተለይተው ወጥተዋል። በኢትዮጵያ ከሚገኙት መካከል፦

• አካሲያ አቢሲኒካ — አሁን ቫቼሊያ አቢሲኒካ
• አካሲያ ቶርቲሊስ — አሁን ቫቼሊያ ቶርቲሊስ
• አካሲያ ሴያል — አሁን ቫቼሊያ ሴያል
• አካሲያ ኒሎቲካ — አሁን ቫቼሊያ ኒሎቲካ
• አካሲያ ሴኔጋል — አሁን ሴኔጋሊያ ሴኔጋል (ገም አረቢክ የሚባለው ሙጫ ዋና ምንጭ)
• አካሲያ ሜሊፌራ — አሁን ሴኔጋሊያ ሜሊፌራ

በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልመው አካሲያ አልቢዳ ከሁሉም ቀድሞ፣ በ1934፣ «ፋይድሄርቢያ» በሚባል የራሱ ወገን ተለይቷል።

በአንጻሩ በአዊ ዞን ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት፣ በተለምዶ «ዲከረንስ» የሚባለው ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዛሬም አካሲያ ዲከረንስ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ምደባ «አካሲያ» የሚባለው መጤው ዛፍ እንጂ አገር በቀሉ ግራር አይደለም።

መረጃ ሲፈለግ

የስም ለውጡ የዛፎቹን ማንነትም ሆነ ጥቅም አልቀየረም። ሆኖም የቆዩ መጻሕፍት የተጻፉት በአሮጌው ስም ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተመዘገቡበት «ፍሎራ» የተሰኘው ሥራ የአተር አስተኔን የያዘውን ቅጽ ያሳተመው በ1989 ስለነበር ግራሮችን «አካሲያ» ይላቸዋል። በኋላ የወጡ ጥናቶች ግን ሁለቱንም ስሞች ሲጠቀሙ ይታያል። አሮጌው ስም እንደ ተመሳሳይ ስም ተመዝግቦ ስለሚቆይ፣ ስለ አንድ ዝርያ የተሟላ መረጃ ለማግኘት በሁለቱም ስሞች መፈለግ ያስፈልጋል። የስሙ ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም «ሴያል» ወይም «ቶርቲሊስ» የሚለው፣ በአብዛኛው ስለማይቀየር አሮጌውን ከአዲሱ ለማገናኘት ይረዳል።