የሂሳብ ትምህርት ደረጃ በደረጃ፦ ልጆቻችን የሚሰናከሉት የት ላይ ነው?

 

ዛሬ የምናገረው ስለ ሂሳብ ነው። «ሳምንቱን ሙሉ ስንለፋ ከርመን በዕረፍታችን ደግሞ ሂሳብ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ከመካከላችን ለልጅ፣ ለእህት ወይም ለወንድም የትምህርት ገንዘብ የማትልክ ጥቂት ናት። ደውለን «ትምህርት እንዴት ነው?» ስንል ቶሎ የምንሰማው መልስ «ሂሳብ ከበደኝ» የሚል ነው። ያን ጊዜ «አይዞህ፣ በርትተህ አጥና» ብለን እንዘጋለን፤ ወይም ለአስጠኚ ብለን ሌላ ገንዘብ እንጨምራለን። ያ ገንዘብ በላባችን የመጣ ነው። ቦታው ላይ እንዲውል ከፈለግን ሂሳብ ከክፍል ወደ ክፍል እንዴት እንደሚያያዝ ማወቅ ይጠቅመናል።

እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው። የ11ኛንና የ12ኛን ታናሽ እህቴ ስትማር መጽሐፉን በስልክ እየላከችልኝ አብሬያት አጥንቻለሁ። የምነግራችሁ ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

ሂሳብ ከሌላው ትምህርት በምን ይለያል?

ታሪክ የሚማር ልጅ የአፄ ቴዎድሮስ ምዕራፍ ቢያመልጠው የዓድዋን ምዕራፍ አንብቦ ሊረዳ ይችላል። ሂሳብ ግን እንዲህ አይደለም። ክፍልፋይ መደመር ያልቻለ ልጅ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሁሉ ይቸገራል።

ሁላችንም እንጀራ ጋግረናል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ጥፋቱ የሚታየው ምጣዱ ላይ ነው። የተበላሸው ግን ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት፣ ሊጡ ሲቦካ ሊሆን ይችላል። ምጣዱን ብናስስ ምን ይጠቅማል? ሂሳብም እንዲሁ ነው። ጉድለቱ በ11ኛ ክፍል ይታያል፤ የተፈጠረው ግን በ7ኛ ወይም በ8ኛ ክፍል ነው።

ከ7ኛ እስከ 12ኛ ምን ይማራሉ?

በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ልጁ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን፣ ክፍልፋይን፣ መቶኛን፣ እንዲሁም በቁጥር ፋንታ ፊደል መጠቀምን ይለምዳል። ያልታወቀውን ቁጥር በፊደል ወክሎ መፈለግ አልጄብራ ይባላል። ቃሉ እዚህ አገር በየቀኑ ከምንሰማው ከዐረብኛ የመጣ ነው። ከ1,200 ዓመት በፊት በባግዳድ የኖረ አል-ኽዋሪዝሚ የሚባል ሊቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ በርዕሱ ውስጥ «አል-ጀብር» የሚል ቃል ነበረ። ጀብር ማለት የተጎደለውን መመለስ፣ የተሰበረውን ማገጣጠም ነው፤ ልክ እንደ ወጌሻ። ለምሳሌ ከአንድ ቁጥር 7 ተቀንሶ 5 ቀረ ብንል፣ የተወሰደውን 7 በሁለቱም ወገን እንመልሳለን። ቁጥሩ 12 ሆኖ ይገኛል። አልጄብራ ከዚህ ይጀምራል።

9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በእኛ ጊዜ 9ኛ ላይ የቁጥር ዓይነቶች፣ እኩልታ መፍታት፣ ስብስብ፣ ሪሌሽንና ፈንክሽን፣ ጂኦሜትሪ፣ ስታቲስቲክስና ቬክተር ነበሩ። ፈንክሽን ማለት አንድ ቁጥር ስታስገቢበት አንድ ቁጥር የሚያወጣ ሕግ ነው። ገንዘብ ስንልክ የምናደርገውን አስቡ። 1 ዶላር በ0.709 ዲናር ቢመነዘር፣ የመላኪያው ክፍያም ለምሳሌ 3 ዲናር ቢሆን፣ በእጅሽ ካለው ላይ 3 ትቀንሺና ለ0.709 ታካፍያለሽ። 153 ዲናር የያዘች 211 ዶላር ተኩል ያህል ትልካለች። 103 የያዘች 141 ያህል ትልካለች። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚገባው ቁጥር ሲለያይ የሚወጣውም ይለያያል። ይህ ፈንክሽን ነው።

10ኛ ክፍል ፖሊኖሚያል፣ ኤክስፖነንሻልና ሎጋሪዝም፣ የመስመርና የነጥብ ጂኦሜትሪ፣ ትሪጎኖሜትሪ አለበት። አዲሱ መጽሐፍ አንዳንዱን ምዕራፍ አዛውሯል፤ ለምሳሌ እኛ 9ኛ ላይ የተማርነው ፈንክሽን አሁን ወደ 10ኛ ሄዷል። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ፈንክሽን ያልገባው ልጅ ሎጋሪዝም አይገባውም።

11ኛ ክፍል ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል። ሂሳብ ለሁለቱም አለ። የፊደል ክፍልፋዮች፣ ማትሪክስ፣ ስታቲስቲክስና ፕሮባብሊቲ ይማራሉ። 12ኛ ላይ ደግሞ የቁጥር ሰልፍና ድምሩ፣ ቀጥሎም ካልኩለስ ይመጣል።

እዚህ ዮርዳኖስም መንገዱ ብዙ አይለይም። 10 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ነው፤ ከዚያ 2 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፤ መጨረሻው ተውጂሂ ነው። የተውጂሂ ተማሪ ባለበት ቤት የምትሠሩ ሁሉ ቤቱ በዚያ ሰሞን እንዴት እንደሚጨነቅ ታውቃላችሁ። የሳይንስ ተማሪው «ተፋዱል» እያለ የሚያጠናው ነገር የእኛ ልጆች 12ኛ ላይ «ዲሪቬቲቭ» የሚሉት ነው።

አንድ የ12ኛ ክፍል ጥያቄ ከፍተን እንየው

ከጀበል አማን ወደ በለድ የሚወርዱትን ደረጃዎች ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ደረጃ ወደ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 15 ለ30 ስናካፍል 0.5 ይመጣል። ይህ ስሎፕ ይባላል፤ የዳገቱ ልክ ማለት ነው። ደረጃዎቹ እኩል ከሆኑ ከላይ እስከ ታች ልኩ አንድ ነው። የመኪናው መንገድ ግን አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ለጥ ይላል። «አሁን በቆምኩበት ነጥብ ላይ ዳገቱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የካልኩለስ ጥያቄ ነው።

ሕጉ «ቁጥሩን በራሱ አባዛ» የሚል ይሁን። 3 ሲገባ 9 ይወጣል። እዚህ ነጥብ ላይ የዳገቱ ልክ ስንት ነው? ትንሽ ወደ ፊት እንራመድ። 3.1 በራሱ ሲባዛ 9.61 ነው። የወጣነው 0.61፣ የተራመድነው 0.1፤ ሲካፈል 6.1። እርምጃውን እናሳንስና 3.01 እንበል፤ 9.0601 ይሆናል፤ ሲካፈል 6.01። እርምጃው ባነሰ ቁጥር መልሱ ወደ 6 ይጠጋል። ልኩ 6 ነው። ይህ መጠጋት ሊሚት ይባላል።

ፈተና ላይ ግን በፊደል ነው የሚሠራው። እርምጃውን «ሀ» እንበለው። 3 + ሀ በራሱ ሲባዛ 9 + 6ሀ + ሀ×ሀ ይሆናል። 9ን እንቀንሳለን፤ 6ሀ + ሀ×ሀ ይቀራል። ለሀ እናካፍላለን፤ 6 + ሀ ይቀራል። ሀ እያነሰ ወደ ዜሮ ሲሄድ መልሱ 6 ነው።

አሁን ቁጠሩ። በራስ ማባዛት፣ ቅንፍ መፍታት፣ መቀነስ፣ ማካፈል፤ እነዚህ አራቱ ከታችኛው ክፍል የመጡ ናቸው። የ12ኛ ክፍል የሆነው የመጨረሻው አንድ እርምጃ ብቻ ነው።

ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ደግሞ ሁለተኛው ላይ ነው። 3 + ሀን በራሱ ሲያባዙ 9 + ሀ×ሀ ብለው ይጽፋሉ፤ መካከል ያለውን 6ሀ ይረሱታል። ስህተት መሆኑን በቁጥር ማየት ይቻላል፤ 3 + 2 ማለት 5 ነው፣ 5 በራሱ 25 ነው። 9 + 4 ግን 13 ብቻ ነው። ያ ልጅ ሥራውን ሲጨርስ 6 ሳይሆን ዜሮ ያገኛል። ወረቀቱ ላይ ኤክስ ይደረግበታል፤ «ካልኩለስ አይገባኝም» ይላል። ካልኩለሱ ገብቶታል። ያልገባው የ8ኛ ክፍሉ ቅንፍ ነው። ለእሱ የካልኩለስ አስጠኚ መቅጠር ምጣድ ማሰስ ነው።

ወለድም እንዲሁ ይሄዳል

ለእኛ ለራሳችንም የሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልጨምር። አንዲት እህት ለጉዞዋ 1,000 ብር በዓመት 10 በመቶ ወለድ ተበደረች እንበል። ሳትከፍል ብትቆይ ብዙዎቻችን «በ3 ዓመት 300 ይጨመራል» እንላለን። ወለዱ ወለድ የሚወልድ ከሆነ ግን መጀመሪያ 1,100፣ ቀጥሎ 1,210፣ በ3ኛው ዓመት 1,331 ይሆናል። በ8ኛው ዓመት ከእጥፍ ያልፋል። መቶኛ የታችኛው ክፍል ትምህርት ነው። እየተባዛ የሚያድገው ኤክስፖነንሻል ነው፤ 10ኛ። «ስንት ዓመት ሲሆን እጥፍ ይሆናል?» የሚለው ሎጋሪዝም ነው፤ እሱም 10ኛ። ቁጥሮቹን መደርደር የ12ኛ ክፍል ሰልፍ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ ነው የቆመው። ዕዳ ከመፈረማችን በፊት «ወለዱ የሚሰላው በመነሻው ላይ ብቻ ነው ወይስ በተጠራቀመው ላይ?» ብለን እንጠይቅ።

በስልክ የሚጠየቁ ስድስት ጥያቄዎች

ልጁ የት እንደተሰናከለ ለማወቅ እነዚህን ጻፉና ሲደወል ጠይቁ። መልሱን አብሬ ስላስቀመጥኩ ሂሳብ የማታውቅ እናትም ማረም ትችላለች።

1. ግማሽና አንድ ሦስተኛ ሲደመር? መልስ፦ አምስት ስድስተኛ። (6ኛ ክፍልና ከዚያ በታች)
2. ከዜሮ በታች 3 ላይ፣ ከዜሮ በታች 5 ሲቀነስ? መልስ፦ 2። (7ኛ)
3. 2 × (ሀ + 3) = 14 ከሆነ ሀ ስንት ነው? መልስ፦ 4። (7ኛና 8ኛ)
4. ሀ + 3 በራሱ ሲባዛ? መልስ፦ ሀ×ሀ + 6ሀ + 9። (8ኛና 9ኛ)
5. መስመሩ 1 ላይ 5፣ 3 ላይ 11 ቢሆን ስሎፑ ስንት ነው? መልስ፦ 3። (9ኛና 10ኛ)
6. 2ን ስንት ጊዜ በራሱ ብናባዛ 32 ይመጣል? መልስ፦ 5 ጊዜ፣ ማለትም 2×2×2×2×2። (10ኛ)

ልጁ መጀመሪያ የሚስተው የትኛውን ነው? ጥገናው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ለአስጠኚው «12ኛ ክፍል አስጠናልኝ» አትበሉት፤ «ከቅንፍ ጀምርልኝ» ወይም «ከክፍልፋይ ጀምርልኝ» በሉት። ሁለት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ መሥራት ዓመቱን ሙሉ ወደ ፊት ከመንገዳገድ ይሻላል።

ስትጠይቁ በቁጣ አይሁን። «ይህን አታውቅም?» ከተባለ ልጁ ይደብቃችኋል። ሌላም አለ። ሂሳቡ ገብቶት የእንግሊዝኛው ቃል የሚጠፋበት ልጅ ብዙ ነው። «ሶልቭ» ያልታወቀውን ፈልግ ማለት ነው። «ሲምፕሊፋይ» አሳጥረህ ጻፍ ማለት ነው። «ፋክተራይዝ» በብዜት መልክ ጻፍ ማለት ነው። እነዚህን ቃላት በደብተሩ ጀርባ እንዲጽፍ አድርጉት።

ለምን አሁን?

በእኛ ጊዜ 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበረ። ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ያ ፈተና ቀርቷል። ስለዚህ ጉድለት ያለበት ልጅ ሳይታወቅበት እስከ 12ኛ ሊደርስ ይችላል። የ12ኛው ፈተና ደግሞ ጠብቋል። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር ተናግሯል። ከ100 ልጅ 3 ወይም 4 ማለት ነው። ውጤቱ ሲወጣ የስንቶቻችን ቤት እንዳለቀሰ ታውቃላችሁ። ልጆቹ ሁሉ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ብዙዎቹ ከታች የጎደለ ነገር ይዘው ነው ላይ የወጡት።

ስለ ራሳችንም አንድ ቃል። ከ6ኛ፣ ከ8ኛ፣ ከ10ኛ ያቋረጥን ብዙ ነን። አገር ስንገባ የማታ ትምህርት አለ። «ዕድሜዬ ሄደ» የምትል እህት ካለች፣ ሂሳብ ዕድሜ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ብቻ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍት በስልክ ይገኛሉ። ካቆማችሁበት ክፍል አንድ ዓመት ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ ማታ ሥራ ካለቀ በኋላ በቀን ሁለት ጥያቄ ብቻ ሥሩ። በዓመት ከ700 በላይ ጥያቄ ይሆናል።

ስድስቱን ጥያቄዎች ዛሬውኑ ለልጆቻችሁ ላኩ። መልሳቸውን በወረቀት ጽፋችሁ በሚቀጥለው አርብ ይዛችሁ ብትመጡ ከጸሎት በኋላ አብረን እናየዋለን። እግዚአብሔር ልፋታችንን ፍሬ ያለው ያድርግልን። አሜን።