ያረጀ ፒክአፕ፦ ፊቱን ተዉለት፣ ውስጡን አድሱለት

አሮጌ ፒክአፕ ሊገዛ ያሰበ ሰው "እስቲ እይልኝ" ብሎ ሲወስደኝ መጀመሪያ የሚከፍትልኝ ኮፈኑን ነው። እኔ ኮፈኑን ትቼ የጋቢናውን በር እከፍትና ከሹፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ አነሣለሁ። ሞተር ቢደክም ይወርዳል፣ ይታደሳል፤ ከነጭራሹ ቢሞት ሌላ ይገዛለታል። ወለሉን፣ የበሩን ግርጌና ሻንሲውን ዝገት የጨረሰው መኪና ግን ባለቤቱን ገንዘብ ሲያስወጣ ይኖራል እንጂ መኪና አይሆንም። ዕድሜዬን በጋራዥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ምክሬን አስቀድሜ ልናገር፦ አሮጌ ፒክአፕ የሚገዛው በሞተሩ ሳይሆን በላሜራውና በሊብሬው ነው።

"እይልኝ" የሚለው ጥያቄ አሁን አሁን በርክቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜ የጠገበ መኪና ከውጭ ማስገባትን ክፉኛ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመውን ፒክአፕ ሳይቀር ደላላ ይጠይቀው ጀመር። ገዢው ፊት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀለሙ የተላጠ፣ ካሶኒው የተጨረማመተ፣ ግን በራሱ የሚሄድ መኪና መግዛት ነው። ሁለተኛው የቆመውን በርካሽ ገዝቶ ከሻንሲው ጀምሮ ማደስ ነው።

እኔ በደንብ የማውቀው ላንድክሩዘር 45 ፒክአፕን ነው። ቶዮታ 40 የሚባለውን የላንድክሩዘር ዘር ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል፤ ከዚያ ውስጥ ረጅሙና ካሶኒ ያለው 45 ነው። ባለ 6 ሲሊንደሩ የቤንዚን ሞተር መጀመሪያ 3.9 ሊትር ነበር፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ 4.2 ሊትር አደገ። ጋቢናው ከሻንሲው ጋር በብሎን ስለታሰረ ተፈትቶ ይነሣል። አራቱም ጎማ በባለስትራ ላይ ነው። ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቺንጋ ወይም ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ለጥርስ የገጠመ ማርሽ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። መፍቻ የያዘና ትዕግሥት ያለው ሰው ፈትቶ መልሶ ሊገጥመው ይችላል፤ ይህን ያህል ዘመን የቆየውም ሲሠራ ጀምሮ እንዲጠገን ታስቦ ስለተሠራ ነው።

ምንጣፉን ካነሣሁ በኋላ ወለሉን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ደህና ላሜራ ዝም ይላል፤ የተበላው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ቀጥዬ ትንሽ ማግኔት ከኪሴ አውጥቼ በስስ ጨርቅ እጠቀልልና በበሩ ግርጌ፣ በፓራፋንጎው ጫፍ፣ ከጋቢናው ኋላ ባሉት ማዕዘኖችና በጣሪያው ዝናብ መውረጃ ጠርዝ ላይ አስኬደዋለሁ። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው፤ በጣት አንጓ ሲመቱትም ድምፁ ይታፈናል። ስቱኮ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ስስ ሆኖ የተጨረመተ ላሜራ ቢያስተካክል ደግ ነው። ዝገቱ ሳይነሣ በላዩ ከተለሰነ ግን እርጥበት ይዞ ብረቱን ከውስጥ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው ለሽያጭ ሲባል ትናንት ከተቀባ ፒክአፕ ይልቅ ቀለሙ ያረጀውን የማምነው። የተላጠው መኪና ጉዳቱን ሁሉ ፊት ለፊት አስቀምጦታል፤ አዲስ የተቀባው ግን ምን እንደሸፈነ የሚያውቀው ቀቢው ብቻ ነው።

ዝገቱንም መለየት ያስፈልጋል። ኮፈንና ጣሪያ ላይ ፀሐይ ቀለሙን ካነሣችው በኋላ የሚታየው ቡናማ ሽፋን ሲዳሰስ ለስላሳ ከሆነ የላይ ዝገት ነው፤ ከሥሩ ጤነኛ ብረት አለ። አብጦ፣ ፈንድቶ፣ በካቻቢቴ ሲነካ በንብርብር የሚነሣ ከሆነ ግን ብረቱ አልቋል። መኪናው የት እንደኖረ መጠየቅም ይገባል። ደጋ የኖረ ፒክአፕ ዕድለኛ ነው። አፋር ጨው ሲጭን ወይም ወደብ ላይ ሲመላለስ የኖረ ከሆነ ግን ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር በመዶሻ እየመታሁ ሳላዳምጥ ዋጋ አልናገርም። አሜሪካ ያሉ ወገኖችም ይህ ይጠቅማቸዋል። ሚኒሶታን በመሰሉ ግዛቶች በበረዶው ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲ ይበላል። ስለዚህ አሮጌ ፎርድ ወይም ሼቭሮሌ ፒክአፕ የሚፈልጉ ሰዎች አሪዞናን ከመሰለ ደረቅ ግዛት የመጣውን ይመርጣሉ።

ላንድሮቨር ከሆነ ደግሞ ዓይን ይታለላል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስላጠረ የአካሉ ሽፋን ከአሉሚኒየም ተሠራ። ፓራፋንጎው ንጹሕ ሆኖ ሻንሲውና በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው ግድግዳ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል፤ እነዚህ ብረት ናቸውና። መኪናውን ከሥር ሳያዩ መግዛት አይገባም።

ከላሜራው ቀጥሎ ሊብሬ ነው። ላንድክሩዘር 45 ላይ የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል ከፊት ባለስትራው አጠገብ ብረቱ ላይ ተመትቷል። ግራሶውንና ጭቃውን ጠርጋችሁ ቁጥር በቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሞተሩ ተቀይሮ ለውጡ ሊብሬው ላይ ያልተመዘገበ መኪና ብዙ ነው። ሻጩ "ቀላል ነው፣ በኋላ ይስተካከላል" ካለ፣ ከክፍያ በፊት ራሱ ያስተካክለው። ባለቤቱ ሞተው ወራሾች የሚሸጡት ከሆነም የውርስ ወረቀቱ ሳያልቅ ቀብድ አትክፈሉ። መኪናው ቢታደስና ቢያምር እንኳ ወረቀት ከሌለው ግቢ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ኮፈኑ ይከፈት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎሚኒው አልቋል። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ግን አያስደንግጣችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቤንዚን የሚያስገባውን ቀዳዳ በአነስተኛ ቁጥር መቀየርና ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ኮምፕሬሽን ሲለካም መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር አትጠብቁ፤ በዚህ ከፍታ ጤነኛውም ሞተር ዝቅ ብሎ ይነበባል። የሚታየው ስድስቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከጓደኞቹ ርቆ ከወረደ በሽታው እዚያ ነው።

እስካሁን ያልኩት ለሁለቱም መንገድ ይሠራል። ታዲያ የቆመ መኪና ገዝቶ ማደስ የሚገባው ለማን ነው? በቅርቡ አንድ ወጣት የሟች አባቱ ፒክአፕ ግቢ ውስጥ ቆሞ ስለነበር ሊያማክረኝ መጣ።

"ጋሼ፣ ሌላ ልግዛ ወይስ ይሄን ላድሰው?"

"አባትህ ብዙ ነዱት?"

"እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ።"

"እንግዲያው የገበያ ዋጋውን አትጠይቀኝ። እኔ ልጠይቅህ፤ ጣሪያ ያለው ቦታ አለህ? ሥራው ቢጓተት የሚገፋህ ሰው የለም? ደሞዝህ ሳይነካ በየጊዜው የምታወጣው ገንዘብ አለህ?"

ሦስቱንም አለኝ አለ፤ እኔም አድሰው አልኩት። ከሻንሲ ጀምሮ የታደሰ መኪና ሲሸጥ የወጣበትን ገንዘብ የሚመልሰው አልፎ አልፎ ነው። ትርፍ አስቦ ሳይሆን መኪናውን ወዶ ለሚገባበት ሰው ግን እንደ ማደስ የሚያረካ ሥራ የለም። የአባት መኪና ዋጋው ሌላ ነው፤ ገበያ ላይ በምንም ገንዘብ አይገኝምና።

ማደስ የሚከሽፈው በብዛት በመፍታት ላይ ነው። መፍታት ደስ ይላል፣ ይፈጥናልም፤ የሚከብደው መልሶ መግጠሙ ነው። ገና አንድ ብሎን ሳይነካ መኪናውን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሡ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን በተለይ። የወጣውን ብሎን ከነዳዶው በላስቲክ አስራችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት። አንዱን ክፍል ሳትጨርሱ ሌላውን አትክፈቱ። ስትገዙም ትንንሾቹ ነገሮች መሟላታቸውን እዩ፦ የበር እጀታ፣ የመስታወት ማዞሪያ፣ የዳሽቦርድ ቆጣሪ፣ የስፖንዳ መቆለፊያ። ፒስተንና ፍሬን ሸራ ሶማሌ ተራ ጠይቃችሁ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ የተሰበረ እጀታ ግን ምናለሽ ተራ ብረት መሐል ስትፈልጉ ልትከርሙ ትችላላችሁ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 ለ40ዎቹ ላንድክሩዘሮች መለዋወጫ እንደገና እንደሚያመርት አስታውቋል። ይህ ለሞተርና ለካምቢዮ ትልቅ ተስፋ ነው።

ወለል ሲቀየር ጥሩ ባትላሜራ አጠገብ ቆሞ ማየት ትምህርት ቤት መግባት ነው። መጀመሪያ የተበላውን የሚያብረቀርቅ ብረት እስኪያገኝ ድረስ ይቆርጣል፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቡናማ ቢቀር ሥራው ሁሉ ከንቱ መሆኑን ያውቃል። ቅርጹን በካርቶን ላይ ያወጣና ውፍረቱ ከነባሩ ጋር የሚመጣጠን ላሜራ ይቆርጣል። ወለሉን የሚያጠነክሩትን ጎድጓዳ መስመሮች እንጨት ላይ አስተኝቶ በመዶሻ ያወጣቸዋል። ሲበይድም ከዳር እስከ ዳር አይጎትተውም። እዚህ አንድ ነጥብ፣ ራቅ ብሎ ሌላ ነጥብ ይጥላል፤ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ እንደገና በመካከላቸው ይጥላል። ስስ ላሜራ ሙቀት ከበዛበት ይጣመማል፣ አንዴ ከተጣመመ ደግሞ ስቱኮ ይጠይቃል። የባትላሜራ ዋጋ የበዛ የሚመስለው ሰው አንድ ቀን ይህን ቆሞ ይይ።

ጤናንም ልናገር፤ በጋራዥ የማያቸው ልጆች ያሳስቡኛል። የድሮ ፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ከበሮውን ከፍታችሁ በአየር አትንፉት፤ በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት። የድሮ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሲፋቅ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ ሕፃናት አይቅረቡ።

አብዛኛው ሰው የሟች አባቱን መኪና አይደለም የሚገዛው። የሚፈልገው የሚሠራበትና የሚወደው መኪና ነው። ለእሱ የምመክረው መካከለኛውን መንገድ ነው፦ ሙሉ የሆነውን፣ ላሜራው ጤነኛውን፣ ፊቱ ያረጀውን ይግዛ፤ ውስጡን እየነዳ ያድስ፤ ፊቱን ይተውለት። ዘመን የሰጠው ፊት አንዴ በአሸዋ ወረቀት ከተፋቀ ማንም አይመልሰውም። በሩ ላይ የደበዘዘ የእርሻ ልማት ጽሑፍ፣ ክርን የተደገፈበት የመስኮት ጠርዝ፣ ጆንያ ያለሰለሰው ካሶኒ፣ እነዚህ መኪናው የሠራባቸው ዓመታት ምስክሮች ናቸው። አዲስ ቀለም ሁልጊዜ ይገኛል፤ ይህ ግን ከተፋቀ ቀረ።

ፊቱን መተው ማለት ችላ ማለት አይደለም። መኪናውን አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። በበሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ክፈቱ። የሚበላውን ዝገት ፍቃችሁ ዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት። የላዩን ዝገት ለቀለም ሥራ የሚሸጠውን የፈላ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብታችሁ ወልውሉት፤ ሲደርቅ ሽፋን ሠርቶ እርጥበትን ይከላከላል፣ የደበዘዘውንም ቀለም ያፈካዋል። ዘይቱን የነካ ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ደጅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ገንዘባችሁን ደግሞ በቅደም ተከተል አውጡ። መጀመሪያ ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ቧንቧውን ከውስጥ ያዝገዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ መኪኖች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ሁለተኛ መሪና ጎማ፤ ጎማው ጥርስ ቢኖረውም ጎኑ ከተሰነጠቀ ይቀየር። ሦስተኛ የነዳጅ ቱቦ። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ ኢታኖል ደግሞ የድሮ ጎማ ቱቦ ያበላሻል። አራተኛ የተላጡ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች። አምስተኛ ሞተር፤ ቴስታታው ከወረደ አይቀር ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ይግባበት። የቀድሞዎቹን መቀመጫዎች ይጠብቅ የነበረው እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ቀርቷል።

ቀለም ከሁሉም ኋላ ነው። እስከዚያ የደረሰ ባለቤት መኪናውን ነድቶታል፣ ጭኖበታል፣ ድምፁንም ለይቶ ያውቀዋል። ያኔም መቀባት ካማረው ይቀባው፤ የሚቀባው ግን ቆሞ የሚታይ ጌጥ ሳይሆን ነገ ጠዋት የሚነሣ መኪና ይሆናል።