የተጨመቀ ቡሽ በየትኛው መደብ ይጫናል?



የዛሬው ርእስ ጠባብ ይመስላል። ሆኖም የማጓጓዣ ዋጋ በምን ላይ እንደሚመሠረት ለማስረዳት ከተጨመቀ ቡሽ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቡሽ የአንድ የኦክ ዛፍ ዝርያ ቅርፊት ሲሆን ቀዳሚዋ አምራች ፖርቱጋል ናት። ቅርፊቱ ተፈጭቶ፣ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ የግድግዳ ሰሌዳ፣ የወለል ንጣፍ ወይም ሌላ ዕቃ ይሆናል።

በቅድሚያ ሁለት አመዳደቦችን እንለይ። የጉምሩክ አመዳደብ የሚጠይቀው «ዕቃው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። የኢትዮጵያም ታሪፍ በሚከተለው ዓለም አቀፍ የተጣጣመ ሥርዓት፣ ቡሽ በምዕራፍ 45 ይገኛል፤ ከተፈጥሮ ቡሽ የተሠሩ ዕቃዎች በ4503፣ የተጨመቀ ቡሽ ደግሞ በ4504 ይመደባሉ። የጭነት አመዳደብ ግን የሚጠይቀው «ዕቃው እንዴት ይጓዛል?» ብሎ ነው። ስለዚህ የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም።

በአሜሪካ የየብስ ጭነት አመዳደብ ከ50 እስከ 500 የሚደርሱ 18 መደቦች አሉ። መለኪያዎቹ አራት ናቸው፤ እነርሱም እፍግታ፣ ለመደርደር ያለው አመቺነት፣ የአያያዝ ቀላልነትና ለጉዳት ወይም ለስርቆት ያለው ተጋላጭነት ናቸው። የመደቡ ቁጥር በጨመረ መጠን ዋጋውም ይጨምራል።

እፍግታን ብቻ እንመልከት። ለሙቀት መከላከያ የሚውል ሰሌዳ በአንድ ሜትር ኩብ 110 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል፤ ይህም በአንድ ኪዩቢክ ጫማ 6.9 ፓውንድ ገደማ ነው። በእፍግታ ሠንጠረዡ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ያለው በመደብ 125 ይገባል። 450 ኪሎ ግራም የሚመዝን የወለል ንጣፍ ግን 28 ፓውንድ ገደማ ስለሚሆን በመደብ 65 ይገባል። ሁለቱም ለጉምሩክ 4504 ናቸው፤ ለጫኙ ግን የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። እፍግታው የሚሰላው ፓሌቱንና ማሸጊያውን ጨምሮ፣ በጭነቱ ውጫዊ ልክ ነው። ያ ሰሌዳ በመካከሉ ክፍተት እየተተወ ተደርድሮ እፍግታው ወደ 90 ኪሎ ግራም ቢወርድ፣ 5.6 ፓውንድ ይሆንና ወደ መደብ 175 ይሻገራል። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አደራደሩ ነው።

የአየር ጭነትም ይህንኑ መርሕ ይከተላል። በተለመደው ስሌት አንድ ሜትር ኩብ እንደ 167 ኪሎ ግራም ይቆጠራል። ስለዚህ 110 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሰሌዳ በ167 ሲከፈልበት፣ ንጣፉ በእውነተኛ ክብደቱ ይከፈልበታል።

በሰነድ ላይ «ቡሽ» ብሎ ብቻ መጻፍ እንግዲህ አይበቃም። አጓጓዡ በመጋዘኑ ለክቶና መዝኖ መደቡን ሊያስተካክል፣ ልዩነቱንም ሊያስከፍል ይችላል። የሽያጩ ዋጋ አስቀድሞ ከተቆረጠ ጉዳቱ በላኪው ላይ ይወድቃል። የዕቃው ዓይነት፣ የታሸገበት ልክና ክብደት ዕቃው ከመጫኑ በፊት በትክክል መመዝገብ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።